ክቡር አቶ ጨምሮ-ሳይጨምር

ሱቅ ባለበት ሁሉ እኚህ ሰውዬ አሉ። የሉም ብሎ የሚከራከር ካለ ወይ ሱቅ ገብቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውዬው ራሱ ነው። አንዳንድ ቦታ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ከዘራ ይይዛሉ፤ አመላቸው ግን የትም ያው ነው። ዕቃውን ያነሳሉ። ይገለብጡታል። ዋጋ የተጻፈበትን ቢጫ ወረቀት መጀመሪያ ከዓይናቸው አርቀው፣ ቀጥሎ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያነባሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ያለው ቀርቶ ደጅ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "ይሄ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?" ይላሉ።

ለእኛዋ ባለሱቅ የደረሷት ደግሞ የሁሉም አውራ ናቸው።

ባለሱቋ የቤት ዕቃ ነው የምትሸጠው፤ ድስት፣ ባልዲ፣ ፔርሙዝ፣ ብርድ ልብስ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሱቋ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ሰሪው መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ናት፤ ሁለት ወፍራም ሰዎች ከተገናኙባት አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ታናሽ እህቷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሒሳብ ትቀበላለች፣ እሷ ዕቃ ታወርዳለች፣ ታሳያለች፣ ትጠቀልላለች። "አቶ ጨምሮ-ሳይጨምር" የሚለውን ስም ያወጣችላቸው እህትየው ናት። "ክቡር" የሚለውን ያከለችው ግን ባለሱቋ ናት፤ ያውም ደሟ በፈላ ቀን።

ደሟ ቢፈላ ይፈረድባታል? የለጠፈችው ዋጋ ሳይጨምር ነበራ! ታክሱ የሚመጣው ሒሳብ ሲከፈል ነው። ሕጉ እንዲህም እንዲያም መለጠፍ ይፈቅዳል፣ ሁሉም ነጋዴ የሚሠራው እንዲህ ነው። ችግሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። እዚያ አንድ ጎረምሳ ነጋዴ ሰፊ መስታወት ያለው የቤት ዕቃ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ገበያዋ ለሁለት ተከፍሏል። ያው ድስት፣ ያው ባልዲ፣ ያው ዋጋ። ቀድሞ ታክሱን ወረቀቱ ላይ የጨመረ ሰው ውድ መስሎ ይታያል፣ ደንበኛው እግሩን አንስቶ ይሻገራል። ሁለት እህትማማቾች የሚበሉት ደግሞ ከዚያችው ሱቅ ነው።

ይኼን ሁሉ ለክቡርነታቸው ማን ያስረዳቸው? አንድ ቀን ሊጋቡ የደረሱ ወጣቶች መጥተው የድስት ስብስብ መርጠው፣ ልጅቷ ክዳኑን እየከፈተች ስትዘጋ፣ ልጁም ኪሱን መዳበስ ጀምሮ ነበር። ክቡርነታቸው ከብርድ ልብሱ መደርደሪያ ኋላ ብቅ አሉ። "ጨምሮ ነው ሳይጨምር?" ልጁ እጁን ከኪሱ አወጣ። "እውነትም፣ ጨምሮ ነው እንዴ?" ልጅቷ፣ "ድሮም ለእኔ ሲሆን ነው የምትጠይቀው" አለችው። እሱም አንድ ነገር መለሰ። ድስቱ ተመለሰ፤ ሠርጉም ሊመለስ ምንም አልቀረው።

እሳቸውስ ምን ይገዛሉ? ምንም! ባለሱቋ እስከምታስታውሰው የገዙት አንድ ደርዘን የልብስ መቆንጠጫ ብቻ ነው። ሲወጡ ደግሞ፣ "ፌስታሉስ? ጨምሮ ነው?" ብለዋል። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እንደሚያወራው፣ ሐኪም የአንድ ሳምንት ዕረፍት ቢያዝላቸው፣ "እሑድን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?" ብለው ጠየቁ አሉ። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ የሰማ ሁሉ ግን አምኗል።

አንድ ጠዋት ታዲያ ባለሱቋ ጨጓራዋ ተልጦ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው።

"ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሁሌ አንድ ነው፣ መልሴም አንድ ነው። ሳይጨምር ነው! አላወቁም እስካሁን?"

"አውቃለሁ እንጂ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?"

"እኔማ አውቃለሁ" አሉና በአገጫቸው ወረፋውን አመለከቱ። "የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

እህትየው ሳቋን ለመዋጥ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። ባለሱቋ በዓይኗ ገረፈቻት።

ክቡርነታቸው ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት እጅ ብቻ በምታስገባ መስኮት ኋላ ተቀምጠው ነው። ይኼንንም በኩራት ነው የሚያወሩት። "ትኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ዋጋ ነው! ሰውዬው ገብቶ ወንበሩ ላይ ከተመቻቸ በኋላ፣ 'ይቅርታ፣ የጨለማው ሒሳብ ለብቻ ነው' ብዬው አላውቅም።" ወረፋው ይስቃል። ባለሱቋ አትስቅም። ሳቅ ዕቃ አይሸጥም።

ነገሩ የተገለበጠው አንዲት ሴት ብርድ ልብስ ልትገዛ በመጣች ቀን ነው። ሴትዮዋ እዚያው ሰፈር ያለ ቢሮ ታጸዳለች፤ የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ወረቀቱን አይታ መረጠች፣ ፊቷን አስደግፋ ልስላሴውን ለካች፣ ገንዘቧን አጣጥፋ በመዳፏ ይዛ ወረፋ ገባች። ተራዋ ደርሶ እህትየው ጠቅላላውን ስትነግራት መዳፏን ገልጣ አየች። መልሳ ጨበጠችው። "ቆይ፣ ቀለሙን... ቀለሙን አልወደድኩትም መሰለኝ" አለችና ብርድ ልብሱን ይዛ ተመለሰች፤ ስሱን ይዛ መጣች። ቀለሙ ያው ነበር።

ባለሱቋ የገረማት ይኼ አይደለም፤ ይኼንንስ ስንቴ አይታዋለች። የገረማት በሩ ላይ የቆሙት ክቡርነታቸው ዝም ማለታቸው ነው።

"ምነው ጋሼ፣ ዛሬ አፍዎን ምን ያዘው?"

"ዘገየሁ" አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተሰማ። "ቁልፌ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ዘገየሁ። ቀድሜ ደርሼ ብጠይቅ ኖሮ እዚያው መደርደሪያው ጋ ትሰማው ነበር። ሰው ፊት ቀለም አልወደድኩም አትልም ነበር።"

ይኼ አነጋገር የባለሱቋን አንጀት በላው። ግን እሷ አንጀቷ ሲበላ የምትቆጣ ዓይነት ሰው ናት።

"በቃ!" አለች። "ሁሉንም ጨምሬ እለጥፈዋለሁ! ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት ምን እንደሚጠይቁ አያለሁ! አፍዎን ነው የምዘጋው!"

እልህ ክፉ ነው፣ አደረገችው። እሑድን ሱቁን ዘግተው፣ አንዷ ስትልጥ አንዷ ስትለጥፍ፣ ጣታቸው በሙጫ እስኪጣበቅ ዋጋውን ሁሉ ቀየሩት። ከእያንዳንዱ ዋጋ ሥር "ታክሱን ጨምሮ" የሚል ተጻፈ። በማግስቱ ክቡርነታቸው ገቡ። ማንቆርቆሪያ አነሱ፣ ገለበጡ፣ አራቁ፣ አስጠጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፋቸው ተከፈተ፤ ምንም ሳይወጣው ተዘጋ። ፔርሙዙን ሞከሩ፣ ባልዲውን ሞከሩ። በመጨረሻ፣ "ጥሩ ነው" ብለው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም አልመጡም።

ገበያውም አብሯቸው ጠፋ። ጉድ ፈላ በሉ! ሰው ይገባል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሻገራል። የድሮ ደንበኛዋ የሆኑ አንዲት እናት ሳይቀሩ ደጇ ላይ ቆመው፣ "ምነው ልጄ፣ ጨከንሽብን እኮ" አሏት።

"ኧረ እማማ፣ ታክሱ ገብቶበት ነው! እዚያ ሒሳብ ሲከፍሉ ይጨምሩብዎታል።"

"አይ፣ እኔ ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ" ብለው ተሻገሩ።

ባለሱቋ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆመች። ማዶ ያለው ጎረምሳ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ በትሕትና ጎንበስ አለላት፤ ያቺ ጎንበስ ማለት ከስድብ ባሰች።

"ቅዳሜ ድረስ ነው የምታገሠው" አለቻት እህቷን። "ከዚያ ወረቀቱን ሁሉ እመልሰዋለሁ። ጉድ ሠርተውኝ እሳቸው እግሬ አውጪኝ አሉ! እንዲያው እንዴት ያለ ሰው ናቸው?"

"ታመው ይሆን እንዴ፣ እትዬ?"

"ይታመሙ!" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ቤታቸው የት ነው ግን?" አለች።

ዓርብ ዕለት አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የተሻገረው ሰው ተመልሶ መሻገር ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ መጣ፣ ከዚያ ሁለት ሦስቱ፣ ከዚያ እነዚያ እማማ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ከዚያ እነዚያ ሊጋቡ የነበሩት ወጣቶች (ታርቀዋል፣ እሰይ) እየተሳሳቁ ገብተው ያንኑ ድስት አነሱ።

"ምን ተገኘ ዛሬ?" አለች ባለሱቋ።

"ማዶ አንድ ሽማግሌ አሉ" አለ ልጁ። "ነጋዴውን እኮ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት!"

ባለሱቋ ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች። ከመስታወቱ ኋላ፣ ከወረፋው ራስ ላይ፣ ክቡርነታቸው ማንቆርቆሪያ ከፍ አድርገው ይዘው ቆመዋል።

"ይሄ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?"

"አባባ፣ ነገርኩዎት እኮ!" ጎረምሳው ግንባሩን በእጅጌው ይጠርጋል። "ሳይጨምር ነው!"

"ሳይጨምር ነው ይላል" አሉ ወደ ወረፋው ዞረው፣ ልክ የሚቀጥለው ፊልም ስንት ሰዓት እንደሚጀምር በሚናገሩበት ድምፅ። "ባልዲውስ?"

ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ነበሩ! የእሷን ሱቅ ስም አንዴም አልጠሩም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። የቀረውን ሕዝቡ ራሱ ደመረው። ባለሱቋ እየረገመቻቸው የከረመችበትን ሳምንት አስታውሳ አፈረች፤ አንጀቷ ግን ቅቤ ጠጣ። ቅዳሜ ወረቀቱን አልመለሰችም። ሌላ ሳምንትም ሳይሞላ ጎረምሳው እጁን ሰጠ፤ እሱም "ታክሱን ጨምሮ" ብሎ ለጠፈ። ያቺ ቢሮ የምታጸዳው ሴትዮም መጥታ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ወረቀቱን አይታ፣ ሒሳቡን አዘጋጅታ፣ ቀና ብላ ከፍላ ወሰደች።

ድል ማለት ይኼ ነው። ባለድሉ ግን ገብተው በአፉ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ" አለች ባለሱቋ።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አሉ። መደርደሪያውን አዩ። አንድም የሚጠየቅ ነገር የለም። ማዶም የለም። "እንግዲህ... ሁሉም ተስተካክሏል ማለት ነው" አሉና ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያረጁ መሰሏት። ከወጡ በኋላ ሱቁ ጭር አለ፤ እህትየው ራሷ ሁለቴ ቀና ብላ በሩን አየች።

ባለሱቋ ያን ቀን ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ማንም የማይገዛት፣ ዳክዬ ትሁን አውሮፕላን የማትለይ አንዲት የአበባ ማስቀመጫ አለች። ወረቀቷን ላጠችና አዲስ ለጠፈችባት፤ ከሥሩ ግን ምንም አልጻፈችም። ከፔርሙዞቹ መካከል አስቀመጠቻት።

"እትዬ፣ ይቺ ሳይጨምር ነው እንዴ?" አለች እህቷ።

"ዝም በይ አንቺ!"

ክቡርነታቸው ሰኞ መጡ፤ ለመሰናበት የመጡ ይመስል እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በመደርደሪያው ጥግ አለፉ። ቆሙ። ተመለሱ። አነሱ፣ ገለበጡ፣ አራቁ፣ አስጠጉ። ወገባቸው ቀና አለ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጫማ ሰሪው መዶሻውን አቆመ።

"ይሄ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?"

"ወይኔ ጉዴ! አምልጦን ነው፣ ጋሼ!" አለች ባለሱቋ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ። "እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!"

ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር አንድ ወረቀት "ታመልጣቸዋለች"። አንድ ሰኞ ከባልዲ ሥር ነው፣ አንድ ሰኞ ከድስት ክዳን ውስጥ። ክቡርነታቸው ያገኟታል፣ ይጮኻሉ፣ ባለሱቋ ራሷን ትይዛለች፣ ወረፋው ይስቃል። አሁን አሁን እሷም ትስቃለች።

ባለፈው ሰኞ ወረቀቷ በሩ ጋ የቆመው መጥረጊያ እጀታ ላይ ነበረች። አገኟት፣ ጮኹ፣ ይቅርታ ተጠየቁ። ሊወጡ ሲሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው፣ እህትየው እንኳ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ ዛሬስ በጣም ቀላል ነበር" አሏት። "እስቲ ትንሽ ደበቅ አድርጊያት።"