ጋሽ ምክንያት እና የጎሚስታው ማመልከቻ

«ለምን?» ሳይል ውሃ የማይጠጣ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው ያልገባበት ሰፈር ነው። ለጎማ ጠጋኙ ለጎሚስታው ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ምክንያት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ሠራተኛ። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው። ሐኪም «ጨው ይቀንሱ» ቢላቸው «ምክንያቱ ይጻፍልኝ» ብለው ወረፋውን ግማሽ ቀን አገቱት። ባለቤታቸውም «ምሳ ዘግይቷል» ለማለት ምስክር ታዘጋጃለች ይባላል።

ጎሚስታው ዓይን አፋር ነው፤ ሲያነብ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ነው። እሳቸውን ሲያይ መኪና ሥር ይገባል።

ያን ሰሞን ግን አልገባም። ለመራጭነት ማመልከቻው «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ማኅተም ብቻ የተመታበት ወረቀት ተሰጥቶታል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።

«ጽሕፈቴን አይተው ነው» አለ አቀርቅሮ። «መሃይም ምን ይመርጣል ብለው።»

«እንዲያ አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«እንግዲያ አንተ በራስህ ላይ አትፍረድ። ተነስ።»

ምርጫ ጣቢያው ሲደርሱ መዝጋቢዋ ቀና ብላም አላየቻቸው። «አባባ፣ ውሳኔው ተሰጥቷል።»

«ውሳኔውንማ አየነው ልጄ። ምክንያቱን ነው የምንለምንሽ።»

«እሱ የውስጥ አሠራር ነው።»

«የማን ውስጥ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከኋላ ያለው ወረፋ አጉረመረመ። ጎሚስታው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ጋሼ፣ ይቅርብኝ፤ እንሂድ» አለ።

«አንተ ሂድ። እኔ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

መዝጋቢዋ በረጅሙ ተነፈሰችና ማመልከቻውን ከፋይሉ አወጣች። የቤት ቁጥሩ ላይ ግሪስ የጠገበ አውራ ጣት ዐርፎበታል፤ ቁጥሩ አይነበብም። ጽሕፈቱን ያማ ሰው የለም።

«ይኸው ነው?» አለ ጎሚስታው። ሦስት ቀን አቀርቅሮ የከረመው አንገቱ ቀና አለ። እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና ሌላ ቅጽ ሞላ፤ መዝጋቢዋም «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለውን መታችለት።

«ለምን?» አሉ ጋሽ ምክንያት።

«ምኑ ለምን? ተቀበልነው እኮ፣ አባባ።»

«ሲከለከል ምክንያት ካለው፣ ሲፈቀድም አለው። ይጻፍልን።»

መዝጋቢዋ ጣሪያውን ትንሽ አይታ ጻፈች።

ጎሚስታው መንገድ ዳር ቆሞ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ዜጋ ነው። ዕድሜው ደርሷል። የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነው።» ስለ እሱ ይህን ያህል ደግ ነገር የጻፈ ሰው ኖሮ አያውቅም። እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ምን አቆመህ?» አሉት ጋሽ ምክንያት።

ክንዳቸውን ይዞ አስፋልቱን አሻገራቸው እንጂ ምክንያቱን አልነገራቸውም።