ለግራ እግር ወንበር ስለመጠየቅ

መታመማችሁ ካልቀረ የሚታይ ነገር ታመሙ! እግራችሁ ይሰበርና በጀሶ ይጠቅለል፤ ያኔ አሰላ በሙሉ ከወንበሩ ይነሳላችኋል። የእኔ ግራ እግር ግን አላበጠም፣ አልቆሰለም። እንዲያውም መልኩ ከፊቴ ይሻላል። ውስጡ ግን... አንዴ በጋለ ሚስማር የሚወጉኝ ይመስለኛል፣ አንዴ እርጥብ እጅ ሶኬት እንደነካ ይነዝረኛል። ካልሲ እንኳ ሲነካው ያስጮኸኛል። ይኸው ስድስት ወሩ!

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ «የአሰላ ብርድ ነው፤ ቅቤ ተቀባ» አሉኝ። ተቀባሁ። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም፤ ትርፌ የሰፈሩን ድመቶች ማስከተል ሆነ። ሁሩታ ያሉ ወጌሻ ደግሞ አገላብጠው አዩና «አልወለቀም» አሉኝ። በባዶ እንዳይሸኙኝ ብለው ግን ሳብ አደረጉት... ጩኸቴን ሮቤ ያሉ ሰዎች ሳይሰሙት አልቀሩም!

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ ቆሞ መዋል ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እግሬ ነዘረኝና ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። ያ ሁሉ የሚንጫጫ ተማሪ ዝም አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዝምታው ከሕመሙ በላይ አመመኝ። በዚያው ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ደምሴ ሄጄ፣ ተቀምጬ እንዳስተምር ወንበር ጠየቅሁ።

«እስቲ ተራመድ» አሉኝ።

ተራመድኩ።

«ትራመዳለህ እኮ!»

«መራመዱንማ እራመዳለሁ፤ የሚያመኝ...»

«ማስረጃ አምጣ። የበሽታው ስም ይኑርበት!»

ሆስፒታል ሄድኩ። ራጁ ንጹህ፣ ደሜም ንጹህ! ወጣቷ ሐኪም የእግሬን ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ብዙ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ «ነርቭ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ግን አላወቅነውም» አለችኝ።

«ግን ዶክተር፣ እንደሚያመኝ ያምኑኛል?»

«ለምን አላምንዎትም?»

እንባዬ መጣ። «አላወቅነውም» ተብሎ ደስ የሚለው በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወረቀቱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር ሕመም» ብላ ጻፈች፤ ማኅተምም አረፈበት።

ወረቀቱን ይዤ አቶ ደምሴ ቢሮ ገባሁና የእንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«ያልታወቀ ማለት... አዲስ የመጣ ነው?»

«እንጃ።»

«ይተላለፋል?»

እንደማይተላለፍ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያ «እስቲ ተራመድ» ትዝ አለኝ...

«እሱም ገና አልታወቀም» አልኳቸው።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ሰሌዳው አጠገብ ወንበር ቆሟል። ያውም ቆዳ የለበሰ፣ መደገፊያ ያለው፣ ያ የቢሯቸው የእንግዳ ወንበር! እግሬ ዛሬም ይነዝራል፤ አሁን ግን ተቀምጬ ነው የምነዘረው። ታዲያ አቶ ደምሴ አዝነውልኝ እንዳይመስላችሁ... ከእኔ በኋላ የሚቀመጥበት ሰው ጠፍቶ ነው!