«ገና ነሽ» ባዩ አያ ፈረደ

ሰው በሕይወቱ ከሚያጋጥሙት መከራዎች ሁሉ፣ ከእሱ ጥቂት ዓመት ቀድሞ የሰው አገር ቋንቋ የለመደ ሰውን የሚያህል የለም። ንዳድ እንኳ ያንቀጠቅጥህና ይለቅሃል፤ ይኼኛው አይለቅም። አፍህን እስክትከፍት ይጠብቅሃል፤ ሳትጨርስ ያርምሃል፤ ዝም ብትል ደግሞ «ዝምታህም የእነሱ አገር ዝምታ አይደለም» ይልሃል። በየአገሩ አለ። ለእኛ ለመተማ ሰዎች የደረሰን ግን የሁሉም አለቃ ነበርና፣ ዛሬም ስማቸውን የምጠራው ጥርሴን ነክሼ ነው።

አያ ፈረደ ይባላሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ ሲፈርዱ ኖሩ። በልጅነታቸው ከደንቢያ ወርደው፣ ሱዳን ገዳሪፍ ለግመል ነጋዴ አድረው፣ አረብኛ ለምደው፣ ሸብተው ተመለሱ። ጣሊያን መተማን ከያዘ ወዲህ በነጋዴው በበሽር ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጭነት ስልቻ ይሰፋሉ። ስፌቱ ለስም ነው፤ ዋናው ሥራቸው መፈተን ነበር። ማን ሾማቸው? ማንም። ሊቀ ጠበብት ዘአረቢ፣ የግመል ነጂዎች ሁሉ መምህር፣ ራሳቸውን በራሳቸው ሾሙ።

በበረንዳው ያለፈ ሁሉ ይፈተናል፤ ሰላምታ የሰጠ፣ ዋጋ የጠየቀ፣ ያስነጠሰ ሳይቀር። ፍርዱም አንድ ነው፤ ለወንድ «ገና ነህ»፣ ለሴት «ገና ነሽ»። እኔን ዘይት ሻጯን አገኘሽን ስንቴ ጥለውኛል። በሽርን፣ ከአባቱ ጀምሮ በአረብኛ ሲነግድ የኖረውን ሰው፣ በገዛ ሱቁ ደጃፍ ጣሉት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከአረብኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ሰምቶ የማያውቅ የሱዳን ባለግመል ሲያጫውቱ ቆዩና፣ ራሳቸውን በሐዘን ነቅንቀው «መሞከሩን ትሞክራለህ፤ ገና ነህ» አሉት። ሰውዬው ግመሉን ሳያጠጣ ሄደ።

ከፍርዳቸው ሁሉ አንዱን ብቻ ወድጄላቸዋለሁ። አንድ የጣሊያን መኮንን ከበረንዳው ፊት ቆሞ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» እያለ ሲያላግጥብን፣ እስኪያልፍ ጠብቀው «ገና ነህ፤ ሳትለምደው ካገራችን ያውጣህ» አሉ።

ቋንቋ እንዴት እንደሚገባ የራሳቸው ሃይማኖት ነበራቸው። በሆድ በኩል ነው የሚገባው። ጤፍ የሚበላ ሰው አረብኛ አይዘልቀውም፤ ኪስራ፣ ያችን የሱዳኖችን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ መብላት አለበት። ደግሞም ንዳድ ያልጣለው ሰው አይማርም፤ ለእሳቸው አረብኛ የተገለጠላቸው ንዳድ ይዟቸው ሲቃዡ ነውና። የሚስቅ አይማርም፣ የሚፈራም አይማርም። ታዲያ ማን ይማራል ስትሏቸው፣ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ይህን ሁሉ ስቄ ባለፍኩት ነበር። ግን ታናሽ እህቴ ስመኝ እጃቸው ላይ ወደቀች።

የስመኝ ባል ውባንተ አርማጭሆ ጫካ ከአርበኞች ጋር ነበር። ጥይት ጭኑን መታውና ጓደኞቹ ተሸክመው እንግሊዝ ወደሚገዛው ወደ ሱዳን አሻገሩት። የሱዳኗ ገላባት ከእኛ ፊት ለፊት ናት፤ በመካከላችን ያለው አንድ ደረቅ ወንዝ ነው፤ የማዶው ዶሮ ሲጮህ ይሰማናል። ከዚያ መልእክት መጣ፤ ቁስሉ መግል ይዟል፣ ሚስቴን ሳላያት እንዳልሞት ይላል። ጣሊያን ደግሞ የአርበኛ ሚስት ወንዙን እንዳትሻገር ከልክሏል። በገበያ ቀን የሚሻገሩት የሙስሊም ነጋዴ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የበሽር ሚስት ኩብራ መከረችን። ስመኝ እንደ ሱዳን ሴት ቶብ ተጠቅልላ፣ የአንገቷን ንቅሳት ሸፍና፣ የኩብራ ዘመድ መስላ ታልፋለች፤ የኬላው ዘበኞች የሚጠይቋትን በአረብኛ መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ክረምት ከገባ ግን ወንዙ ይሞላል፣ መሻገርም ይቀራል። ኩብራ ራሷ ታስተምራት ሲባል፣ አያ ፈረደ ኩብራን «ገና ናት» ብለው ጣሏትና ወንበሩን ያዙ።

ስመኝ ጎበዝ ናት። ከየት መጣሽ፣ የማን ሚስት ነሽ፣ የተሸከምሽው ምንድን ነው፤ ሁሉንም በጥቂት ቀን አቀላጠፈችው። ኩብራ «ዓይኔን ብጨፍን የአክስቴ ልጅ ናት» አለች። አያ ፈረደ ግን መልሱን ሁሉ ሰምተው ያበቁና፣ ልጅቱ ተገላገልኩ ብላ ስትተነፍስ፣ ስልቻ በሚሰፉበት ወስፌ ክንዷን ጠቅ ያደርጓታል።

«እመብርሃን!» ትላለች ስመኝ፣ እንደ ማንኛዋም የጎንደር ሴት።

«ገና ነሽ!»

«አንቱ ሰውዬ፣ እህቴ ስልቻ መሰለችዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጥያቄማ በቀቀንም ይመልሳል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰው ሲደነግጥ ወደ እናቱ አፍ ነው እሚመለስ። ስሚኝ ስመኝ፣ ሲያምሽ ‹ያ ኡሚ› በይ። ወይ እናቴ ማለት ነው። እናትን መጥራት ክርስቲያን እስላም የለውም፤ እመቤታችንም አትቀየምሽ።»

በዚያው ሰሞን ስመኝን ንዳድ ጣላት። እኔ እዬዬ ስል እሳቸው ፊታቸው በራ። አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ግንባሯ ላይ ጨርቅ እያረጠቡ አረብኛው እስኪገለጥላት ጠበቁ። ስመኝ ባሏን እየጠራች በአማርኛ ቃዠች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃት «ገና ናት» ብለው ወጡ። ታማሚ የሚጥል ፈታኝ ያየሁት ያኔ ነው።

ክንዷ ነቁጥ በነቁጥ ሆነ። ደሜ ፈላ። ወስፌውን ነጥቄ አህዮች ከሚታሰሩበት ጉድፍ ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ ነበራቸው።

ያን ቀን በሽር ወደ ጓሮ ጠራኝ። «እህት አገኘሽ፣ አትፍረጂባቸው። አያ ፈረደ በዕድሜያቸው ‹በቅተሃል› ያሉት አንድ ሰው ነው፤ ሸጋው የሚባል የሳንጃ ልጅ። እንደ ስመኝ ሊሻገር ነበር። ኬላው ላይ ሁሉንም አሳምሮ መለሰ። ሲያበቃ የኬላው አለቃ ቡሉቅባሹ ሲጋራውን አንገቱ ላይ ተረኮሰበት። ልጁ ‹ወይኔ እናቴ!› አለ፣ በአማርኛ። ወደ ምሽጉ ይዘውት ወጡ፤ አልተመለሰም። እንዲህ ነው እሚያጣሩ፤ ይመቱና ጩኸቱን ያዳምጣሉ። ወስፌው የመጣ ከዚያ ወዲህ ነው።»

ይህን ስሰማ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን ይባስ ተናደድኩ። የሰው ጩኸት እያነጠረ ለባዕድ በሚያድር በዚያ የኬላ አለቃ፣ በቡሉቅባሹ፣ ተናደድኩ። እሱን ባሰማራው ጣሊያን ተናደድኩ። በአያ ፈረደም አልራራሁም፤ ለአንዱ ቸኩለው ፈረዱ፣ ለሌላዋ መፍረድ አቃታቸው፤ ባሏ ደግሞ ማዶ እየበሰበሰ ነው።

ሰማዩ ጠቆረ። ስመኝ «የመጣው ይምጣ፣ በፊታችን ገበያ እሄዳለሁ» አለች።

«ገና ነሽ» አሉ አያ ፈረደ።

«ገና ስባል ይሞትብኛል!» ብላ ጮኸችባቸው።

«አንቱ ‹በቃሽ› እስኪሉ ልጅቱ መበለት ልትሆን ነው!» አልኩ እኔም። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ስልቻቸውን መስፋት ቀጠሉ።

በገበያው ቀን ማለዳ ግን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጥምጥም ጠምጥመው፣ የበሽርን ግመል እየሳቡ መጡ። «እኔም እሻገራለሁ» አሉ። ማንም አልለመናቸውም። ኬላው ላይም ሊያርሟት ነው ብዬ በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

እኔ የሰሊጥ ዘይቴን ይዤ ከኬላው አጠገብ ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ግመል ሳቢዎቹ በሌላ በኩል ተሰልፈዋል፤ አያ ፈረደ ተራቸው አልደረሰም ነበር። ኩብራ አለፈች። ስመኝ ቀረበች። ቡሉቅባሹ ጠየቃት፤ መለሰች። ደግሞ ጠየቃት፤ መለሰች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እለፊ ብሎ እጁን አወዛወዘላት። ዞር ብላ መንገድ ስትጀምር፣ ከኋላዋ አለንጋውን አንሥቶ ባቷ ላይ አሳረፈው።

ሁለት ጩኸት ባንድ ላይ ወጣ። አንዱ የስመኝ ነው፤ «ያ ኡሚ!» ሁለተኛው «እመብርሃን!» የሚል፣ በጠራ የደንቢያ አማርኛ፣ ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ጩኸት ነው። የአያ ፈረደ ነበር።

ቡሉቅባሹ ስመኝን ትቶ ዞረ። ጀለቢያ ለብሶ እመብርሃንን የሚጠራ ሽማግሌ፣ ለእሱ ከማንኛዋም ሴት የበለጠ አደን ነው። ዘበኞቹ ተረባረቡባቸው። ጥምጥማቸው ወደቀ፣ ግመሉ በረገገ፣ ሰልፉ ተበተነ። ኩብራ የስመኝን እጅ ይዛ ደረቁን ወንዝ ስትሻገር አየሁ። ስመኝ ወደ ኋላ አልዞረችም። አያ ፈረደም የጠብመንጃ ሰደፍ እየወረደባቸው ወደ እሷ አላዩም።

ምሽጉ ውስጥ ከርችመው ገረፏቸው። አንዲት ቃል ማውጣት ቢያቅታቸው፣ ዝናቡ ሲጀምር ጃጅተዋል ብለው ለቀቋቸው። በሽርና እኔ ደግፈን አመጣናቸውና በረንዳው ላይ በሆዳቸው አስተኛናቸው። ጀርባቸውን በሞቀ ውሃ እያጠብኩ አፌ አላረፈም። «ያን ሁሉ ዘመን አረብኛ! አገሩን ሁሉ ሲጥሉ ኖረው! ያውም አንቱ ላይ ላላረፈ አለንጋ!» ተናድጄ አለቅስ ነበር።

«ተሻግራለች» አልኳቸው ሲደክመኝ። «ኩብራ ናት የነገረችን። ውባንተ አለ። እግሩን ቆርጠውታል፤ ግን አለ። ስመኝ እያስታመመችው ነው።»

አንገታቸውን በጭንቅ ወደ እኔ አዞሩ። «አንቺ አገኘሽ፣ ያ አለንጋ ሲያርፍባት ምን ብላ ጮኸች? የራሴ ጩኸት ጋረደኝ፤ አልሰማኋትም።»

ያን ሁሉ ጊዜ የደከሙባትን አንዲት ጩኸት አልሰሟትም። ያን ሁሉ ሲገረፉ፣ ልጅቱ ትሻገር ትያዝ ሳያውቁ ነው የከረሙት። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«‹ያ ኡሚ› አለች» አልኳቸው። «አጥርታ። እዚያው የተወለደች እስክትመስል።»

«እስቲ ደግመሽ በይው።»

ደገምኩላቸው። እሷ እንዳለችው ልለው ሞከርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ፤ እንባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ወደ ምንጣፉ ወረደ። ወደ ማታ ራታቸውን ሳጎርሳቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ መጠየቅ አፍረው ነው። ሳይጠይቁኝ ደግሜ «ያ ኡሚ» አልኳቸው።