ሊቀ ሊኑክስ ጋሽ ደገፋ

አገር ያለ ሽማግሌ፣ ሰፈር ያለ «ቀላል ነው» ባይ አይቆምም። ቧንቧ ቢያፈስ፣ ቴሌቪዥን ቢንጫጫ፣ ቁልፍ በር ውስጥ ቢሰበር፣ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ እጅጌውን የሚሰበስብ አንድ ሰው ለየሰፈሩ ተመድቧል። ለልደታ ኮንዶሚኒየም የተመደቡት ክቡር ጋሽ ደገፋ ናቸው። የቢሮ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ካቻቪቴ ግን ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይዘውት ይሄዳሉ።

ወይንሀረግ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። በ2005 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ስምንት ኮምፒውተርና እነሱን የሚመግብ አንድ ያረጀ ሰርቨር ለትምህርት ቤቱ ለገሠ። ሰርቨሩ ላይ ሊኑክስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከተጫነ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በስምንቱም ኮምፒውተር የቆዩ ፈተናዎችን ማየት ይችላሉ። እሷ እንዲህ ያለ የንባብ ክፍል ለማስከፈት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ርእሰ መምህሩ ግን እስከ አርብ ካልሠራ ማሽኑ ለቁራሌው፣ ክፍሉ ለተሰበረ ወንበር ማከማቻ እንደሚሆን ቁርጡን ነገሯት።

ጋሽ ደገፋ ተጠሩ። ሰርቨሩን ዞረው አዩትና «ቀላል ነው» አሉ። ቀጥለው ስለ አቧራ ሰበኩ፤ አቧራ ለኮምፒውተር ነቀዝ ስለሆነ ልብስ ያስፈልገዋል። ወይንሀረግ እጇ ሥራ አይፈታም። ከወፍራም ጨርቅ ልክክ ያለ፣ ጠርዙ ዳንቴል የሆነ ልብስ ሰፍታ፣ ለሲዲውና ለማብሪያው ብቻ ቀዳዳ ተወችለት። ጋሽ ደገፋ ዳንቴሉን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ እንዲህ የለበሰ ሰርቨር በአዲስ አበባ የለም ብለው መሰከሩላት።

የለበሰው ሰርቨር ግን ሊኑክስን አልቀበልም አለ። ሰኞ ጭነቱ ሠላሳ በመቶ ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጥፋቱ የሲዲው ነው ተባለና ጋሽ ደገፋ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄደው ሌላ አስቀድተው መጡ። ማክሰኞ አርባ ላይ ጠፋ። ልብሱን አውልቀው፣ ራም የሚባለውን ካርድ ነቅለው፣ ከአንዲት ተማሪ በተዋሱት ላጲስ ጥርሱን ፈትገው፣ መልሰው ሰክተው፣ ልብሱን እንደ ሕፃን በጥንቃቄ አልብሰው አስጀመሩት። አሁንም ጠፋ። ረቡዕ ሶኬቱን ከሰሱ። ሐሙስ የሚከሰስ አጡ። «ቀላል ነው» ማለታቸውን አልተዉም፤ ድምፃቸው ግን ቀንሶ ነበር። ወሬው ግቢውን ስለሞላው «ጋሽ ደገፋ፣ ሊኑክሱስ?» የሚላቸውን ሰው ሽሽት በኋላ ደረጃ መውጣት ጀምረዋል። ወይንሀረግ ለክፍሏ መጨነቋን ትታ ለሰውየው ታዝን ጀመር።

ነገ ርእሰ መምህሩ ሊያዩት ነው ብላ ሐሙስ ማታ ልብሱን ወስዳ አጠበችው። ስለዚህ አርብ ጠዋት ሰርቨሩ ራቁቱን ተነሣ። ሠላሳን አለፈ፣ አርባን አለፈ፣ ሰባን አለፈ፤ ርእሰ መምህሩ ሲገቡ መቶ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ደገፋ ላጲሱን ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው።

«ራሙ ነው ብዬ ነበር» አሉ።

ወይንሀረግ እጇን በማሽኑ ጀርባ አድርጋ የሚወጣውን ትኩስ አየር እየዳሰሰች ነበር። አራት ቀን ሙሉ ትንፋሽ ያሳጣው ዳንቴሏ ነው፤ አልብሺው ያሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ብትናገር የሊቁ ስም ይወድቃል። ዋጥ አደረገችው።

የንባብ ክፍሉ ተከፈተ፤ ስምንቱም ወንበር ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰው አያጣም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ርእሰ መምህሩ፣ ጋሽ ደገፋም ባሉበት፣ ወሬውን የሰሙት ያ የሚያምር ልብስ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ወይንሀረግ ታጥቦ እንዳልደረቀ ነገረቻቸው። የሚያዝያ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉን እየጠበሰ ነበር። ርእሰ መምህሩ ግራ ተጋብተው ወጡ።

ጋሽ ደገፋ ጠጋ አሏት።

«ወይንዬ፣ እንዳልደረቀ ይቆይ። እኔም ያን አርብ ነው የገባኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግን የደከምሽበት ነገር ሆነና፣ ላንቺ መንገር ከባድ ሆነብኝ።»

ከእኚህ ሰው አፍ «ከባድ» የሚል ቃል ወጥቶ የሰማ የሰፈር ሰው የለም። ወይንሀረግ ከሳቋ ጋር እየታገለች ወንበር ሳበችላቸው፤ እንደ አባቷ ወደደቻቸው።