ጣራ የሌላት መኪና እና ሊቀ ጠበብት ገዱ

ከተማ ሲቆረቆር መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል፤ ቀጥሎ ገበያ ይቆማል፤ ሦስተኛ፣ ግቢው ውስጥ የማትሄድ መኪና ያቆመ ሰው ይገኛል። ሦስቱ ካልተሟሉ ቦታው መንደር እንጂ ከተማ አይባልም። ዳባት እንዲህ ያለ ሰው አንድ አለ። አምባ ጊዮርጊስ ሁለት አሉ፤ ይፎካከራሉም። የአዲ አርቃዩ ሰውዬ መኪና የጭነት ስለሆነች ልጆቹ አድገው ሱቅ ከፍተውባታል። የኛ የደባርቁ ግን ከሁሉም ይልቃሉ፤ የሳቸው መኪና ጣራ እንኳ የላትም።

ስማቸው ጋሼ ገዱ ነው። ፖስታ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ማኅተም ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ሊቀ ጠበብት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ የጋራዥ ሰፈር ሰዎች ነን፤ ሹመቱ ሲጀመር ለፌዝ ነበር። እኔ በያጅ ነኝ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩ፣ በርና መስኮት እየሠራሁ የማድር ሰው ስለሆንኩ ለሕልም የተለየ ፍቅር የለኝም። ብረት ወይ ይይዛል ወይ አይዝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን «ጨምሮበታል» እንዳትሉኝ ነው።

ጋሼ ገዱን የትም ብትኖሩ አግኝታችኋቸዋል። መንገድ ላይ ታገኟቸውና ትጠይቃላችሁ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። ትንሽ ነገር ነው የቀራት።»

በ1986 ዓ.ም. ይህን ሲሉ የቀራት ትንሽ ነገር የሚሠራ ሞተር፣ አራት ጎማ፣ ወንበርና የወለሉ ግማሽ ነበር። በ1992ም ይህንኑ አሉ፤ ያን ጊዜ ከነዚህ በላይ የፊት መስታወቱም ቀርቷት ነበር።

መኪናዋ የጣሊያን ስሪት ናት። ሁለት በር አላት፤ ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ጉልበቱን አቅፎ የሚቀመጥባት ጠባብ መደብ። ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ ነበር፤ ሸራውን አይጥ ከበላው ቆይቷል። ጎንደር አንድ ግቢ ውስጥ ጥድ ሥር ዐሥራ አምስት ዓመት ቆማ ነው ጋሼ ገዱ ያዩዋት። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ከአባታቸው የወረሷቸው ጥንድ በሬዎች ነበሯቸው። በሬዎቹ ተሸጡ፤ መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና ደባርቅ ገባች። እትዬ አልጣሽ ያን ቀን ዞር ዞር ብለው አይተዋት አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ ይባላል።

«ታርሳለች?»

የከተማው ሰውም ዝም አላለም። ደባርቅ በሐምሌ በረዶው ቆርቆሮ ያጎብጣል፤ በኅዳር ንፋሱ ጋቢ ከትከሻ ይገፋል። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለመተማ ነበር የምትሻል» ሲሏቸው፣ ጋሼ ገዱ ኮሌታቸውን ቀና አድርገው «ጣራ ያለውንማ ማንም ይነዳዋል» ይላሉ። እስቲ ይህን ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ?

መጀመሪያ የተሞከረው በ1987 ነው። ከጎንደር የመጣ መካኒክ ሞተሯን ብትንትኗን አወጣና፣ ዕቃው እርጥበት እንዳይነካው ብሎ እትዬ አልጣሽ ገብስ ያስቀመጡበት ጎታ ውስጥ ቀበረው። በሳምንቱ ሁመራ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ገብሱ ተሸጠ። ከወር በኋላ አንዲት የዳባት ሴት ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሞተር ካንዴላ ቋጥራ መጣች። «ገብሳችሁ ብረት አፍርቷል» አለቻቸው። ጋሼ ገዱ ካንዴላውን ተቀብለው፣ ጠርገው፣ ሴትዮዋን መርቀው ሸኙና «አንዷ ተገኘች፤ ሦስት ቀሩን» አሉ።

ሁለተኛው ሙከራ ደቦ ነው። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠች ስለሄደች በድንጋይ ላይ መነሳት ነበረባት። ባገራችን ለከባድ ሥራ ደቦ ይጠራል፤ ስለዚህ የእትዬ አልጣሽ ወንድም ክንዴ ከዳባት ገጠር አርባ ገበሬ ይዞ መጣ። ለአጨዳ አርባ ሰው በረከት ነው። ለመኪና ግን አርባ ሰው ማለት ሰማንያ እጅ ማለት ነው፤ እጅ ደግሞ የሚይዘው ይፈልጋል። አንዱ መሪዋን ያዘ፣ አንዱ በሯን፣ አንዱ መብራቷን። ክንዴ ዘፈኑን አወጣ፣ ደቦው ተቀበለ፣ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ አነሳ። መኪናዋ ተነሳች፤ መነሳቱንስ ተነሳች። ክንዴ ግን የፊት መስታወቱን ከነፍሬሙ ታቅፎ ቀረ።

«ጋሼ» አለ ግራ ገብቶት፣ «ይሄ ተነቃይ ነው እንዴ?»

ጋሼ ገዱ ፍሬሙን አዩ፤ ክንዴን አዩ። «አሁን ሆነ» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ለጠላ ጋበዙ።

ሦስተኛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን ደግሞ በሰው አላላክክም። በ1996 ወለሏን እንድቀይር ጠሩኝ። ጣራ ያለው መኪና ከላይም ከታችም ስለታሰረ ቆርጠህ ብትበይደው ይታገሥሃል። ጣራ የሌለው ግን ወገቡ ያለው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ በሚሄዱት ሁለት ብረቶች ብቻ ነው። እኔ የበርና የመስኮት በያጅ፣ ሁለቱም ዝገዋል ብዬ ሁለቱንም ባንድ ጠዋት ቆረጥኳቸው። ምሳ በልቼ ስመለስ መኪናዋ መካከሏ ላይ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ተቀምጣለች። በሮቿ የማይከፈቱም የማይዘጉም ሆነዋል።

አራት ወር በጋሼ ገዱ ሰፈር አላለፍኩም። ለመድኃኔ ዓለም እንኳ በታች በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ግራይንደሩን እንኳ አላጠፋሁም። ሥራው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁኝ።

«አንሙት፣ ለምን ጠፋህ?»

«አፍሬ ነዋ ጋሼ።»

«ምን ያሳፍርሃል፤ ወገቧ የት እንዳለ አሁን አወቅን አይደል? ያ መካኒክ እንኳ አላወቀውም።» ቀጥለው ምን እንዳሉ ታውቁታላችሁ።

እኔ ጥፋት ሠርቼ ያመሰገነኝ ደንበኛ ከሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።

ነገሩ የከረረው በ1999 ነው። እትዬ አልጣሽ መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ለመምህራን የሚከራይ ሁለት ክፍል ሊሠሩ ቆረጡ። ጡረታው እንደማይበቃ ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ገዱ ስለ ጡረታው ሲጠየቁም «ደኅና ነው» ነው የሚሉት። መሠረቱ ክረምት ሳይገባ መቆፈር አለበት። እትዬ አልጣሽ እኔንም አስጠርተው በሁለታችን ፊት ፍርዱን አነበቡ።

«እስከ ግንቦት ዐሥራ አራት ነው። በራሷ ሞተር ከዚህ ግቢ ከወጣች ትኑር። ካልወጣች ቁራሌው ቢራራ ቆራርጦ ይጫናት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ታግሻለሁ፤ ኢዮብም ከዚህ በላይ አልተቀመጠ።»

ጋሼ ገዱ ገብተው አንድ የእንጨት ሣጥን ጎትተው አወጡ። ሣጥኑ ሙሉ ፖስታ ነው። ያ መካኒክ ከሄደ ወዲህ እያንዳንዷን ብሎን፣ እያንዳንዷን ቀለበት ለብቻዋ በፖስታ አሽገው፣ በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈታቸው አድራሻ ጽፈውባታል። «ለግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ ሁለተኛ ብሎን። ከውስጥ በኩል።» የጎደሉት ሁሉ ከመርካቶ፣ ከአስመራ መንገዱ ሳይዘጋ፣ ከየት ከየት በደብዳቤ ተጠይቀው መጥተዋል። ቆጠርን፤ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ፖስታ። የጠፋ የለም። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያለ የዕቃ አያያዝ ያስተማረኝ የለም። «ሊቀ ጠበብት» የሚለውን ከዚያ ቀን ወዲህ ለፌዝ ብዬው አላውቅም።

አምስት ወር ሠራን። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የበሮቹን አፍ በባሕር ዛፍ አጣና ወጥሬ አሰርኩ፤ ከዚያ ብረቱን በስንዝር በስንዝር እየቆረጥኩ፣ አንዱን ጎን ሳልጨርስ ሌላውን ሳልነካ በየድኩ። ማዞር ሲያስፈልግ ክንዴ ተጠራ፤ አርባ ሳይሆን ስድስት ሰው ይዞ መጣ። ጋሼ ገዱ እያንዳንዱ የሚይዝበትን ቦታ በጠመኔ ክብ አድርገው ስሙን ጽፈውበታል። ክንዴ ስሙን ፓራፋንጎው ላይ አይቶ «ዘንድሮስ ደብዳቤ ሆንን» አለ።

ግንቦት ዐሥራ አራት ማክሰኞ ዋለ። ቢራራ ሚዛኑንና ከባዱን መዶሻ ይዞ በጠዋት መጣና የግቢው ካብ ላይ ተቀመጠ። «እኔ የመጣሁት ለቀብር ነው» አለኝ። «ካልሞተች እመለሳለሁ፤ ቅር አይለኝም።»

ጋሼ ገዱ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰዋል። እኔ የቤንዚን ጀሪካን ታቅፌ ከኋላ ተኮራምቻለሁ። ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሪኖው አጉረመረመ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ፤ በሦስተኛው ያዘ። ዶሮዎቹ ካብ ዘለው ጎረቤት ገቡ። መኪናዋ አንድ ክንድ ሄደች፣ አምስት ክንድ ሄደች፣ በሩ ጋ ደረሰች፤ ቆመች።

መኪናዋን ሁሉ በሚሊ ሜትር ለክቻለሁ። በሩን አልለካሁም። በ1986 ስትገባ ግቢው የእሾህ አጥር ነበረው። የድንጋዩ ካብ በ1994 ነው የተካበው፤ የብረት በሩንም የሠራው ሰው ጠቦ እንዲያምር ብሎ አጠበበው። በሁለቱም በኩል አንዳንድ ስንዝር ይጎድላል።

ቢራራ በሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንሙት ወንድሜ፣ ይሄን በር ማነው የሠራው?»

ማን እንደሠራው ደባርቅ ሙሉ ያውቃል።

ጋሼ ገዱ እጃቸውን ከመሪው አላነሱም። «ትንሽ ነገር…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። በዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይጨርሱት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ ሆኜ ማጅራታቸውን ነው የማየው፤ ከረባቱ ያሰመረበትን ቀይ መስመር። ጀሪካኑን ጥዬ ብጠፋ በወደድኩ።

እትዬ አልጣሽ ከቤት ወጡ። ቀስ ብለው መጡና መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ሞተሩ እየሠራ ነው።

«ሞቃለች» አሉ። ቀጥለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ክንዴ፣ ለመሠረቱ ድንጋይ ከየት ልታመጣ ነበር?»

«ከወንዝ ነዋ እታለም።»

«ይሄ ምን ይለዋል?» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ካቡ እያመለከቱ።

ክንዴ ሁለተኛ እስኪነገረው አልጠበቀም። ስድስቱ ሰዎች ካቡ ላይ ወጥተው ድንጋይ ማውረድ ያዙ። ቢራራ ከተቀመጠበት ድንጋይ ሲያስነሱት አልተቆጣም፤ ለመኪናዋ ያመጣውን መዶሻ አንስቶ የበሩን ምሰሶ ይመታ ጀመር። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የሠራሁት በር ተጋደመ። ብየዳው ግን አንዱም አልለቀቀም፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ጋሼ ገዱ ማርሽ ሲያስገቡ እትዬ አልጣሽ የቀኙን በር ከፈቱና ገቡ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«በሬዎቼ ናቸው፤ ልቀመጥባቸው።»

በዋናው መንገድ ወጣን። ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ቆሟል፤ ሲያሾፉ የኖሩት ሁሉ አሉ፤ ያሾፈ ግን አልነበረም። የሊማሊሞ ቁልቁለት እስከሚጀምርበት ድረስ ነዱ። ንፋሱ የእትዬ አልጣሽን ነጠላ አንስቶ ፊቴ ላይ ሲጥለው ምንም አላየሁም፤ ሲሳሳቁ ብቻ ሰማሁ። አርባ ዓመት የተጋቡ ሰዎች እንደዚያ ሲስቁ ከኋላ መቀመጥ ያሳፍራል።

ስንመለስ ከቆላው የተነሳ ደመና ደርሶብን ያንጠባጥብ ጀመር። ግቢው ጋ ስንደርስ ክንዴ ሲባጎ ወጥሮ፣ መኪናዋ የነበረችበትን ቦታ እስከ ጉልበት ቆፍሮታል።

«ጋሼ፣ አሁን የት ልትቆም ነው?» አልኩ።

ጋሼ ገዱ ጉድጓዱን አዩ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ያሰቡት ስለ መውጫዋ ብቻ ነው። ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ አልጣሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የቤቱ ነገር አይነካም፤ ልክም ናቸው። ዝናቡ አዲሱ ወንበር ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጋሼ ገዱ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩን አለበሱት።

ከሱቄ ኋላ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ አለኝ፤ ቱቦላሬና ላሜራ የማስቀምጥበት። ባዶ ብረት በደባርቅ ክረምት ሦስት ሳምንት ውጭ ካደረ በርበሬ ይመስላል። ብረቱን ዝናብ ላይ የሚያሳድር በያጅ ሥራውን አያውቅም፤ ይህን ለስንቱ ተናግሬያለሁ።

ብረቱን ከክንዴ ሰዎች ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወጣነው።

አሁን ነሐሴ ነው። ደንበኛ ይመጣና «አንሙት፣ ይሄ ሁሉ ብረት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የዛገ?» ይለኛል። «በሽቦ ብሩሽ ይለቃል» እላለሁ። ከኋላ በቆርቆሮው ሥር ጋሼ ገዱ መኪናዋን በጨርቅ ሲወለውሉ ይሰማል፤ ሥራው ሲያምርላቸው ያፏጫሉ። ሰውየው እንደገና ብረቱን ያያል፤ እንደ ሞኝ ያየኛል።

ይየኝ። ብረት ተገዝቶ ይተካል።