ስሚዛ ወይስ ሰንሰል፦ ስለ ሕፃኗ ስም የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ። ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ።
ቦታ፦ የአያት ሳሎን

የተገኙ፦
1. የሕፃኗ አባት እናት (ከዚህ በኋላ «አያት»)፤ ሰብሳቢ፣ ማንም ሳይመርጣቸው
2. የአባት እህት፣ ልብስ ሰፊ (ከዚህ በኋላ «አክስት»)
3. አባት፣ የአውቶቡስ ሹፌር
4. እናት፤ ልጅ እያጠባች ስለነበር ያለ ድምፅ
5. የእናት ወንድም (ከዚህ በኋላ «አጎት»)፤ ጸሐፊ፣ ብዕር ይዞ በመገኘቱ የተመረጠ

ሕፃኗም ተገኝታለች፤ ጠብታ ተኛች። አያት በዓይናቸው ቆጥረው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን አረጋገጡ።

አጀንዳ 1፦ ስም ስለማውጣት

እናት እንዳስረዳችው ልጅቷ ሁለት ወር ቢሞላትም እስካሁን የምትጠራው «ይቺ» ተብላ ነው። ባለፈው ሳምንት ክትባት ስትወስዳት ነርሷ «ስም የሌላት ትግባ!» ብላ በመጣራቷ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያት ገልጻ፣ ዛሬ ስም ሳይወጣ ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አሳሰበች። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበለ።

አክስት «ስሚዛ» የሚል ስም አቀረበች። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠየቅ ተክል ነው፣ ነጭ አበባ ያወጣል አለች። አጎት ተቃወመ። ስሙ «ስሚ» ብሎ ስለሚጀምር ልጅቷ በተጠራች ቁጥር ቁጣ የመጣባት እንደሚመስላት አስረድቶ፣ በምትኩ «ሰንሰል» እንድትባል ጠየቀ። እሱም ተክል ነው፤ ከብት እንኳ ደፍሮ አይነካውም። አክስት በሰጠችው አስተያየት ሰንሰል ማለት ጫፏ የተቆረጠ ሰንሰለት መሆኗን አመለከተች።

ውይይቱ ቀጠለ።

አክስት፦ «የእናንተ ሰንሰል መራራ ነው። ቅጠሉን የቀመሰ ሰው ፊቱ ሳምንት አይፈታም። አንተ ቀምሰህ የመጣህ ትመስላለህ።»

አጎት፦ «የእናንተ ስሚዛ ደግሞ አጥር ነው። ሰው ልጁን አጥር ብሎ ይጠራል?»

ከዚህ ቀጥሎ የተባለው እንዳይጻፍ ጸሐፊው ራሱን ጠይቆ ተፈቅዶለታል። አባት ሐሳብ እንዲሰጥ ሲጠየቅ በሁለቱም እስማማለሁ አለ። እንደዚያ አይቻልም ሲባል በሁለቱም አልስማማም አለ። አያት «እናንተ ልጆች፣ ሕፃኗን ትቀሰቅሱብኛላችሁ!» ብለው ሥርዓት አስከበሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱ ወገኖች የየተክላቸውን ቅርንጫፍ አምጥተው እንዲያሳዩና ያማረው ስም እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማስረጃ ስለመመልከት

አክስትና አጎት በልዩ ፈቃድ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የያዙት ግን አንድ ቅርንጫፍ ነበር፤ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው። አክስት ስሚዛዬን ነጠቀኝ ስትል አጎት «እባክሽ፣ ሰንሰሌን ልቀቂልኝ» ይላት ነበር።

አያት ቅርንጫፉን ተቀብለው አገላበጡት። ይህ የራሳቸው አጥር መሆኑን ተናግረው ቁረጡ ያላቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አክለውም ይኸው ተክል እሳቸው ባደጉበት ሰፈር ስሚዛ፣ አግብተው በመጡበት ሰንሰል እንደሚባል አስረዱ። ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

በዚህም መሠረት አክስት የስሚዛን መራራነት፣ አጎት የሰንሰልን አጥርነት ሳይወዱ በግድ አመኑ።

እንደገና ከረጅም ውይይት በኋላ ልጅቷ በአባት ወገን ስሚዛ፣ በእናት ወገን ሰንሰል እንድትባል በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። አባት ለሁለቱም እጁን አወጣ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

እናት ድምፅ ባይኖራትም ተነሥታ ቆመች። «በቃ፣ ተክላችሁን እዚያው ግቢያችሁ ጠብቁት። እኔ ለልጄ ስም አለኝ። ማታ ማታ ሳስተኛት በጆሮዋ ስጠራት ነው የከረምኩት፤ እናንተን እንዳላስቀይም ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ጎንበስ ብላ ጠራቻት። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ወደ እናቷ ዞረች።

ስለዚህ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ሀ. ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።
ለ. ልጅቷ እናቷ በጠራቻት ስም ትጠራ። እናት «ወንድሜ፣ አንተ ከጻፍከው ነገ ክርክር ታነሣበታለህ» ስላለች ስሙ በዚህ ቃለ ጉባኤ አልሰፈረም።
ሐ. የስሙን ትርጉም መጠየቅ ለማንም፣ መቼም ተከልክሏል።

ውሳኔው እንደጸደቀ አያት ያወጡትን እጅ ሳያወርዱ «ስሙስ ደስ ይላል። ግን ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ስለጠየቁ፣ ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጥድፊያ ተበተነ።