ባለካፖርቷ ዳኛ

ሰውን ሳያለማምዱ ከበር የማያስወጡ ሴቶች በየቤቱ አሉ። «እኛ ቤት የለችም» የሚል ካለ ልብ ሳይል ኖሯል ማለት ነው። ልጆች ሳለን እንግድነት ስንሄድ በር ላይ አስቁመውን፣ አንገትጌያችንን እያስተካከሉ፣ «ብሉ ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ?» ይሉን የነበሩት እነሱ ናቸው። «ጠግበናል» እንላለን። «ዓይናችሁ ሳህኑ ላይ ተተክሎ ጠግበናል አይባልም። እንደገና!» ካደግን በኋላም አይለቁንም። ከቤት አከራይ ጋር ልንነጋገር ስንነሳ የት ላይ ጉሮሯችንን እንደምንጠርግ እንኳ ያስጠኑናል።

የእነዚህ ሴቶች ሁሉ የበላይ ግን ያለ ወላጅ ድንበር ተሻግረው ለሚመጡ ልጆች ጥብቅና በሚቆም አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ከፎቶኮፒው ማሽን አጠገብ ነው የሚቀመጡት። የሕግ ረዳት ናቸው። ሥራቸው ፋይል ማደራጀት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ከልጆቹ መጠለያ ጋር መደዋወልና ልጆቹን ለችሎት ማዘጋጀት ነው። እሳቸው ግን የመጨረሻውን መርጠው ሌላውን እንደ ትርፍ ሥራ ያዩታል። ቢሮው በሙሉ «ክብርት» ይላቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ ከሰዓት የስብሰባው ክፍል ፍርድ ቤት ይሆናል። ክብርት ጠረጴዛውን በወገባቸው ገፍተው ግድግዳው ጋ ያስጠጉታል። ከኋላው ወንበር ያኖራሉ፤ ከፍ እንዲል ሁለት ካርቶን ወረቀት ከሥሩ ይገባል። የአበባ ማስቀመጫው ማይክሮፎን ነው። ስቴፕለሩ የዳኛው መዶሻ ነው። የዳኛው ካባ ደግሞ የአዲሷ ጠበቃ ጥቁር ካፖርት ነው፤ ነገርም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ካፖርቱን ጠበቃዋ ስትመረቅ እናቷ ናት የገዛችላት። እሷ ደግሞ ለልብሷ ትሳሳለች። ሐሙስ ማታ ልትወጣ ስትል ካፖርቱ ከተሰቀለበት የለም። «ክብርት፣ ካፖርቴን!» ብላ የስብሰባውን ክፍል በር ስትከፍት፣ ካርቶኑ ላይ የተሰየሙት ሴት ከመነጽራቸው በላይ ያይዋታል። «አንቺ ልጅ፣ ችሎት ሲቀመጥ በር ይንኳኳል። ውጪና እንደገና ግቢ።» ወጥታ አንኳኩታ ትገባለች እንጂ ምን ታደርጋለች! ካፖርቱ ሲመለስላት ኪሱ የብስኩት ፍርፋሪ ነው። ክብርት ደኅና ለመለሰም፣ ለተሳሳተም፣ ላለቀሰም ልጅ ብስኩት ያድላሉ፤ ጥሩ ዳኛ አያዳላም ባይ ናቸው።

የሚያለማምዱት ልጆቹን ብቻ ቢሆን ማን ይናገራቸው ነበር! ፎቶኮፒ ሊጠግን የመጣውን ሰውዬ አለቃውን እንዴት ፈቃድ እንደሚጠይቅ አለማምደው ነው የሸኙት። የቢሮውን ኃላፊ ራሱን፣ ያን የሚያህል ሰው፣ ስብሰባ ከመግባቱ በፊት ኮሪደር ላይ ይዘውት ነበር። «እንደሱ ትከሻህን ጥለህ ነው በጀት የምትጠይቀው? እንደገና፤ ከበሩ!» ሰውየው ተመልሶ ከበሩ ጀመረ። ጠበቃዋ በዓይኗ ነው ያየችው።

እሷን የሚያሳስባት ግን ካፖርቱ ብቻ አልነበረም። «ክብርት» አለቻቸው አንድ ቀን፣ በሩን ዘግታ፣ «አንድ ቀን ጉድ ሊያፈሉብን ነው። ልጆቹን የምናስጠናቸው ከመሰለ ያለቀልን እኛው ነን።»

«ምን ብዬ ነው የማስጠናቸው?»

«የሚናገሩትን ነዋ።»

«በጭራሽ!» ክብርት ተቆጡ። «የሚናገሩት የራሳቸው ነው። እኔ የማስተምረው አለመፍራት ነው። መጥተሽ እይ እንጂ።»

ሄዳ አየች። ክብርት ድምፃቸውን አጎርንነው ፊታቸው የቆመውን ልጅ፣ «የአመልካችነትህን አግባብነት ከነተያያዥነቱ ታስረዳለህ?» አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ስቴፕለሩ ጠረጴዛውን መታ። «ገባህ?» ልጁ አሁንም ነቀነቀ። «እኔ የተናገርኩት ሴትዮ ያልገባኝን አንተ እንዴት ገባህ? አልገባኝም ይባላል! አያሳፍርም። እንደገና፤ ከበሩ!» ልጁ እየሳቀ ወጣ። ጠበቃዋም ሳቋ መጣባት፤ ደግነቱ ክብርት አላዩዋትም።

በዚህ ፍርድ ቤት ግን አንድ ነገር የለም። ፍርድ። ልጆቹ ሁሉ ልምምዱ ሲያልቅ፣ «እሺ፣ ፈቀድሽ?» ይሏቸዋል፤ ቢሮው አንቱ ቢላቸውም ልጆቹ አንቺ ነው የሚሏቸው። ክብርት መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ይህ ፍርድ ቤት ያለማምዳል እንጂ አይፈርድም።» በእጃቸው ያልሆነውን ለልጅ ቃል አይገቡም፤ ጥያቄውን በብስኩት ነው የሚያልፉት።

እንግዲህ አንዲት ልጅ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሞታ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እየተላለፈች ብቻዋን የደረሰች ልጅ ናት። እዚህ አገር ያላት ዘመድ የእናቷ እህት፣ አክስቷ ብቻ ናት። አክስቷ ልውሰዳት ብላለች። የመንግሥት ጠበቃው ደግሞ ልጅቷ ይህችን ሴት አታውቃትም፣ ወደመጣችበት ትመለስ ይላል። በመጀመሪያው ችሎት ዳኛው ልጅቷን ቢጠይቋት ቢያስጠይቋት ትንፍሽ አላለችም። ዳኛው መነጽራቸውን ጠራርገው፣ «ስለ አክስቷ ከራሷ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ካልተናገረች ባለው ማስረጃ እወስናለሁ» አሉ። ያለው ማስረጃ ደግሞ እንደማያዋጣ ጠበቃዋ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ልምምዱ ሐሙስ ብቻ መሆኑ ቀረ። ልጅቷና ክብርት ቋንቋቸው አንድ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቀጥሎ እስከ ወንበሩ ደረሰች። አንድ ቀን ክብርት ያንን የማይገባ ጥያቄያቸውን ሲጠይቋት፣ በስስ ድምፅ፣ «አልገባኝም» አለች። ክብርት ከካርቶኑ ላይ ሊወድቁ ነበር። ጠበቃዋ ስለ ካፖርቱ መጠየቁን ለጊዜው ተወችው።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ብርድ ነበር፤ ካፖርቱን ጠበቃዋ ራሷ ለብሳዋለች። ክብርት ኋላ መቀመጫ ላይ፣ ከአክስትየዋ አጠገብ፣ በተራ ሹራብ ተቀመጡ። ልጅቷ ተጠራች። ጎበዝ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች። ዳኛው በቋንቋቸው ጠየቁ፤ አስተርጓሚው ከጎኗ ሆኖ፣ «ፍርድ ቤት ውስጥ መሆንሽን ታውቂያለሽ ወይ?» አላት።

ልጅቷ ለዳኛው ጀርባዋን ሰጥታ ዞረች። ኋላ ወደ ተቀመጡት ወደ ክብርት እያየች፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አዎ፣ ክብርት ዳኛ» አለች።

አስተርጓሚው ቢያዞራት ተመልሳ ዞረች። ምን ይፈረድባታል? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉት ሰውዬ የሚናገሩት አይገባት፣ የሚገባትን የሚናገረው ደግሞ ካባ የለው። እሷ የምታውቃት ዳኛ አንዲት ናት፤ ያቺውና ሹራብ ለብሳ ኋላ ተቀምጣለች። ክብርት በእጃቸው ዙሪ ዙሪ ይሏታል። ልጅቷ ምልክቱ እንደገና ከበሩ ጀምሪ ማለት መሰላት፤ ቦታዋን ለቃ ወደ በሩ ሄደች።

የመንግሥት ጠበቃው ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጅቷን አሠልጥነው ነው ያመጧት! ማን እንዳሠለጠናትም ራሷ እያሳየችን ነው።» ጠበቃዋ የፈራችው ደረሰ።

ዳኛው ክብርትን አስነሷቸው። «ልጅቷን ምን አስተማሯት?»

ክብርት አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ስንቱን አፍ ያስፈቱ ሴት፣ ለራሳቸው አንድ ቀን አልተለማመዱም።

«እንግዲያው ልጅቷን ጠይቁልኝ» አሉ ዳኛው።

ልጅቷ በሩ አጠገብ እንደቆመች መለሰች። «አልገባኝም ማለት አስተምራኛለች። ካላወቅሽ አላውቅም በይ፣ ውሃ ከጠማሽ ጠይቂ ብላኛለች።»

«ስለ አክስትሽስ ምን በይ አለችሽ?»

«ምንም። ምን ልበል ብዬ ስጠይቃት፣ እሱ የራስሽ ነው አለችኝ።»

ዳኛው የመንግሥቱን ጠበቃ አዩት፤ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ክብርት ዞሩ። «ክብርት ዳኛ» አሉ፣ ሳይስቁ፣ «ወንበር እዚህ ከእኔ ጎን ይምጣልዎ። ልጅቷ ፊቷን ማዞሯ ካልቀረ ወደዚህ ታዙር።»

ክብርት ዳኛው ጎን ተቀመጡ። አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ጣታቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ልጅቷ ከበሩ ጀምራ መጣች፣ ቆመች፣ ስለ አክስቷ ተጠየቀች።

«ሕፃን ሆኜ ነው የሄደችው፤ መልኳን አላስታውስም ነበር» አለች። «እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። እዚህ ስመጣ መጠለያው በር ላይ አንዲት ሴትዮ አየችኝና እየሳቀች አፏን ሸፈነች። እናቴ መሰለችኝ። ከእሷ ጋር መሆን ነው የምፈልገው።»

ኋላ የተቀመጠችው አክስት እያለቀሰች ነበር፤ አፏን በእጇ ሸፍናለች። ዳኛው ቀና ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። በዚያው ቀን ልጅቷ ከአክስቷ ጋር እንድትኖር ወሰኑ።

ኮሪደሩ ላይ መተቃቀፍ ሆነ። አክስትየዋ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ መውጫው ስትሄድ፣ ልጅቷ እጇን አስለቅቃ ተመለሰች። ክብርት ፊት ቆመች።

«አንቺስ? ፈቀድሽ?»

ክብርት መነጽራቸውን አወለቁ። ጠበቃዋ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ይህ ፍርድ ቤት ያለማምዳል እንጂ አይፈርድም። ክብርት ግን ሹራባቸውን ቁልቁል አዩና፣ «ያለ ካባ እንዴት አድርጌ…» አሉ።

ጠበቃዋ ካፖርቷን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

ክብርት ቀጥ አሉ። ግድግዳውን በጣታቸው ሁለቴ መቱ። «ይህ ፍርድ ቤት…» ብለው ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው።

ልጅቷ ጠበቅ አድርጋ እጃቸውን ያዘቻቸው። «አይዞሽ» አለቻቸው። «እንደገና፤ ከበሩ።»

ክብርትም ተመልሰው እስከ ችሎቱ በር ሄዱ፤ ከበሩ ጀምረው መጡና ፈቀዱላት።

በማግስቱ ጠበቃዋ ካፖርቷን በራሷ ክፍል አልሰቀለችውም። የስብሰባው ክፍል በር ጀርባ ሰቅላ፣ ኪሱ ውስጥ ያልተከፈተ ብስኩት ከተተችበት።